ከሰላምታ ያለፈ እጅ

እህቴ፣ ቁጭ በይና ልንገርሽ። ወንድሜ፣ አንተም አረፍ በል፣ ለሁላችሁም ነው። መጀመሪያ ግን እስቲ እጅሽን እይው። ዛሬ ከነጋ ማንን ነክተሽበታል? የልጅሽን ግንባር፣ ትኩሳት ይኖረው ይሆን ብለሽ ዳብሰሽ ይሆናል። የጎረቤትሽን ትከሻ መታ አድርገሽ ስቀሽ ይሆናል። አታስታውሽውም። እንዴትስ ታስታውሽዋለሽ፣ ማን ተቆጣጥሮሽ?

ይሄ የምነግርሽ ገና አልሆነም። እግዜር አያምጣው እንጂ፣ ከመጣ በልጅ ልጆቻችን ዘመን ነው የሚመጣው። አምባ ውሃ በምትባል ከተማ፣ የውብዳር በምትባል ሴት ቤት።

የውብዳር ስድሳን ተሻግራለች። አባቷ ወጌሻ ነበሩ፣ እሷም እጇ የሳቸው ነው። ልጆቿን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች፣ ጾሟን ትጾማለች፣ ሰንበት አታጓድልም። ከባሏ ከአቶ ሽመክት ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ከሰው አትደርስም፣ ሰውም አይደርስባትም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በማሳጅ ቤት ነው። የውብዳር ልጅ እግር ሳለች አምባ ውሃ ውስጥ በየፎቁ፣ በየጸጉር ቤቱ ጀርባ ማሳጅ ቤት ነበረ። ግማሹ ደህና ሥራ ይሠራል፤ የግማሹ ደግሞ መጋረጃው ወፍራም ነው። እናቶች አለቀሱ፣ ሰፈር ተማረረ። ወረዳው ፈቃድ የሌለው እንዳይሠራ አለ። ማን ይጠላል? የውብዳርም እሰይ ብላ ነበር። የራሷን ትንሽ ማሳጅ ቤት ፈቃድ አውጥታ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ሰቀለችው። ቀጥሎ በየቀበሌው ከዚህ በላይ አይበዛም ተባለ። እሱም ደግ ነው ተባለ። ቀጥሎ ለወረዳው አንድ ይበቃል ተባለ፣ በሷ በር ላይም ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጠፈ። "ታሽጓል።" አልተከራከረችም። ቁልፏን ይዛ ቤቷ ገባች።

የቀረው አንዱ ቤት ግን ከሰሰ። ሰው በየቤቱ እየታሸ እኛ ለምን ፈቃድ አወጣን አለ። ወረዳውም እውነት ነው ብሎ ማሸት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወሰነ፦ እጅ በሌላ ሰው ገላ ላይ ከሰላምታ ያለፈ ከቆየ፣ ማሸት ነው። ለሰው ሁሉ በቀኝ እጁ አምባር ታሰረለት። አምባሩ አይጮኽም፣ ይሞቃል። ቶሎ ካነሳሽ ይበርዳል፣ ካላነሳሽ ይፋጃል። ከፋጀ ወረዳው አወቀ ማለት ነው።

ሰው የማይለምደው የለም። አውቶቡስ ላይ በወንበርና በወንበር መሀል ሰሌዳ ቆመ። እናት ልጇ ድክ ድክ እስኪል ድረስ የእናት ፈቃድ አላት፣ ልጁ እግር ሲያወጣ ፈቃዱ ይነሳል። ስለዚህ አንዳንዷ እናት ልጇ ቆሞ እንዳይታይ ታዝለዋለች፣ እግሩ መሬት እየነካ ታዝለዋለች። ባልና ሚስት በየዓመቱ ወረዳው መስኮት ላይ ጎን ለጎን ቆመው ያሳድሳሉ። ለቅሶ ላይ፣ ሬሳ ከቤት ወጥቶ ቀባሪ እስኪመለስ፣ የሁሉም አምባር ዝም ይላል። ለዚህ ነው የማያውቁት ሰው ቀብር የሚሄዱት የበዙት። ከኋላ ቆመው ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ፣ አጠገባቸው ያለውን ሰው እቅፍ አድርገው ያለቅሳሉ። ንፍሮ ሳይቀምሱም ይሄዳሉ።

ደንቡን የጣሰ ደግሞ እጁ ይታሸጋል። ድሮ የሚታሸገው ሱቅ ነበር። የውብዳር መጀመሪያ ያየችው አትክልት ተራ ነው። አንዲት ሴት ቲማቲም እየመረጠች ነበር። እጇ ላይ ግራጫ ነገር አለ፣ የፈላ ወተት ላይ እንደሚጋግረው ስስ ነገር፣ ከጣቷ ጫፍ እስከ አንጓዋ። በእጇ ጀርባ የወረዳው ማኅተም አለ። ቲማቲሙን ታነሳለች፣ ይወድቅባታል። ታነሳለች፣ ይፈርጥባታል። ሻጩ አንገቱን ወዲያ አዞረ። የውብዳርም አንገቷን አዞረች። እሷም እንደ ሰው ነበረች፣ ምን ልታደርግ?

በኋላ አቶ ሽመክት ወደቀ።

ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል ነው የወደቀው። ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ ጎኑ ግን ሄደ፣ አፉም ሄደ። ከዚያ ሁሉ ቃል አንድ ብቻ ቀረው። እንዴት ነህ ሲሉት "እግዜር ይመስገን" ይላል። ራበህ ሲሉት "እግዜር ይመስገን"። ጣራው ተደረመሰ ቢሉትም እንደዚያው ነው የሚል። ቀኝ እጁ ደግሞ ቀን በቀን ተጨበጠ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጠፉ፣ ጥፍሩ መዳፉን ወጋው።

የውብዳር ይሄን ታውቀዋለች። አባቷ ሲሉ ሰምታለች፦ ይሄ አይነት እጅ ቶሎ ካልታሸ እንጨት ይሆናል፣ እንጨት ከሆነ ወዲያ ማንም አይመልሰውም። ሐኪሙም በስልኳ መስታወት ላይ ብቅ ብሎ ያንኑ አለ፣ መታሸት አለበት፣ ባለፈቃዱ ቤት ይሂድ አለ። ሄደች። ወረፋው ለመስቀል ጠይቀሽ ለፋሲካ ነው የሚደርስ።

"እስከዚያ እኔ ላሸው?" አለች መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ።

"እርስዎ ምኑ ኖት?"

"ሚስቱ ነኛ! ፈቃዳችን እኮ አለ፣ ባለፈው ጥር ነው ያሳደስነው።"

ልጅቷ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። "እማማ፣ እሱ ድሮ ነው። አሁን እኮ ታካሚ ነው። ታካሚን የሚነካ ባለፈቃድ ብቻ ነው። ከባልነት ተነስቷል።"

"ማን ነው ያነሳው?"

"ራሱ ነው የሚነሳው እማማ፣ ሲታመም።"

የውብዳር ደረጃውን ስትወርድ ለብቻዋ "ከባልነት ተነስቷል" ትላለች። ሌላ ቃል አልመጣላትም። እንደ ባሏ ሆነች።

ቤት ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን የተጨበጠ እጅ ያዘችው። አውራ ጣቷን በጣቶቹ ሥር ሰደደች። አምባሯ ሞቀ። ለቀቀች። ያዘች። ሞቀ። ለቀቀች። ባሏ ያያታል። ዓይኑ ደህና ነው፣ ሁሉም ይገባዋል። "እግዜር ይመስገን" አላት፣ እንባው እየወረደ።

መላ የመጣው በሰንበት ነው። ደጀ ሰላሙ ላይ ከገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ድንገት አገኟትና የአባቷን ስም ጠርተው ያዟት። በአንድ እጅ እጇን፣ በሌላው ትከሻዋን። "እንደምን ሰነበትሽ? ደህና ነሽ? ባልሽ ደህና? ልጆች ደህና? ከብቱ ደህና? አገሩ ሰላም? ዝናቡ እንዴት ነው? አንቺስ ደህና ነሽ?" ከጨረሱ በኋላ እንደገና ከላይ ጀመሩት፣ እንደ አገር ቤት ወግ። የውብዳር ፈራች፣ እጇን ልትነጥቅ ቃጣት። ከዚያ አምባሯን አየች፤ የአሮጊቷንም አየች። ሁለቱም ብርድ ናቸው።

ይሰማል ማለት ነው፣ ብላ አሰበች። ሰላምታ እስካለ ድረስ ዝም ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች። የኑግ ዘይት መዳፏ ላይ አፍስሳ እጁን ያዘች። ልቧ እንደ ሌባ ልብ ይመታል።

"እንደምን አደርክ ሽመክት?" አውራ ጣቷ መዳፉ ውስጥ ገባ።

"እግዜር ይመስገን።"

"ደህና ነህ?" ትንሿን ጣት ቀና አደረገቻት።

"እግዜር ይመስገን።"

"እንቅልፍ ደህና? ሌሊቱ ደህና? ልጆች ደህና ናቸው?" አንጓውን ዞር ዞር አደረገችው። አምባሩ ብርድ ነው። "እኅትህ ደህና ናት? ጎረቤት ደህና? ቡሬ በሬህስ እንዴት ነው?"

ቡሬ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሽመክት ዓይኑ ፈገግ አለ። "እግዜር ይመስገን።"

"ወንድምህ ጥጋቡስ?"

ከጥጋቡ ጋር በድንበር ተጣልተው አልተነጋገሩም ነበር። ሽመክት አፈጠጠባት። አፉ ግን ያው ነው። "እግዜር ይመስገን!" አለ በቁጣ። የውብዳር በሳቅ ልትሞት። ባሏ ከወደቀ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

እንዲህ ሆነ የቤታቸው ልማድ። ጠዋት ከጸሎት በኋላ ዘይቷን ታመጣለች፣ በሕይወት ያለውንም የሞተውንም ደህንነት እየጠየቀች ክንዱን ከትከሻ እስከ ጥፍር ታሸዋለች። የምትጠይቀው ሰው ሲያልቅባት የሰፈሩን ዛፍ ትጠይቃለች፣ የድሮ ቤቷን ምሰሶ ትጠይቃለች። አፏ ለአፍታ ዝም ካለ አምባሩ ለብ ይላል፣ እሷም ደንግጣ "ደህና ነህ?" ትላለች። እንቅልፏ ውስጥ ሳይቀር "ደህና ነህ፣ ደህና ነህ" ማለት ጀመረች።

አንድ ነገር ብቻ ጨነቃት። ሄዳ ለንስሐ አባቷ ለአባ ወልደሐና ነገረቻቸው።

"አባቴ፣ ኃጢአት ይሆን? በሱ አፍ የእግዚአብሔርን ስም ሽፋን አደረግሁት እኮ።"

አባ ወልደሐና ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸውም ይከብዳል። ደግማ ጮክ ብላ መንገር እንዳይኖርባት ፈርታ ነበር፣ ግን ሰምተዋል።

"ስትጠይቂው ከልብሽ ነው?" አሉ።

"ምኑን?"

"ደህና ነህ ስትይው። እንዲድን ትፈልጊያለሽ ወይስ አፍሽ ነው?"

"ኧረ አባቴ! እሱ እንዲድን እኮ ነው ሁሉም!"

"እሱስ እግዜር ይመስገን ሲል ከልቡ ነው?"

"ሌላ ቃል የለውማ።"

"እንግዲያ ከኛ ሁሉ በልጧል።" ሳቁ፣ ጥርስ የሌለው ሳቅ። ከዚያ ፊታቸው ጨለመ። "መልአኩ ለእመቤታችን የመጣው ምን ብሎ ነው? በሰላምታ አይደል? ሰላምታ ቀላል ነገር አይደለም። እጅሽን አታንሺ። ግን ልጄ..."

"አቤት አባቴ?"

"ለኔ ነግረሻል። ሌላ ሰው እንዳይሰማሽ።"

ልጇ ሐመልማል ግን ሰማች። ሐመልማል የመጨረሻ ልጇ ናት፣ ውሃ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ አምባሩን በልጅነቷ ያሰረች። ሰላም ስትል ትከሻዋን አንዴ ብቻ ታስነካና እንደ ተቃጠለ ሰው ትመለሳለች። ክረምት ላይ ሲበርዳት አምባሯን በሌላ እጇ ሸፈን ታደርጋለች። እናቷ ምነው ስትላት "ትንሽ ሞቅ ሲል ደስ ይለኛል፣ የሆነ ሰው ያለ ይመስለኛል" ብላት ታውቃለች። የውብዳር ያን ቀን ምሳ አልበላም ብላ ነበር።

"እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?" አለች ሐመልማል በሩ ላይ ቆማ።

"አባትሽን ሰላም እያልኩ።"

"ዘይቱ ምንድን ነው?"

"እጁ ደርቆ ነው።"

"እማዬ!" ድምጿን ቀነሰች። "የሥራ ጓደኛዬ እናት ባለፈው ሳምንት ታሸገች።"

"ምን አድርጋ?"

"የጎረቤት ልጅ ወድቆ እግሩ ዞሮበት፣ መለሰችለት።"

"ታዲያ ልጁ ተራመደ?"

"እማዬ፣ እኔ የምልሽ ሌላ፣ አንቺ የምትይው ሌላ! ሴትየዋ አሁን ማንኪያ መያዝ አልቻለችም እኮ! ሰው ነው የሚያጎርሳት፣ የሚያጎርሳትም ሰው ፈርቶ በረጅም ጭልፋ ነው የሚያጎርሳት!"

"ነይ እዚህ፣ እይው።" የውብዳር እጁን ከፍ አደረገችው። "ደህና ነህ ሽመክት? እይው ይሄን ጣት። ደህና ነህ? ባለፈው ወር ይሄ ጣት ይዘረጋ ነበር? ደህና ነህ?"

ሐመልማል አየች። ጣቱ ተዘርግቷል። አፏን በእጇ ያዘች። አልቀረበችም፣ ግን አልወጣችም።

ከዚያ ወዲህ ሐመልማል ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ትመጣለች። በርጩማ ስባ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። እናቷ የምትጠይቀው ሰው ሲያልቅባት እሷ ታቀብላታለች። "የአጎቴን ፍየሎች" ትላለች በሹክሹክታ። "ያ የድሮ ሬዲዮናችንን።" እናትና ልጅ እንደዚያ ሆነው አያውቁም ነበር።

በፍልሰታ ጾም አጋማሽ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት ፀሐይ ወጣ። የውብዳር ዘይቷን ይዛ ተቀመጠች። ሐመልማል በርጩማዋ ላይ ናት።

"እንደምን አደርክ ሽመክት?"

"እግዜር ይመስገን።"

"ዝናቡ ደህና? ደጁ ደህና?" አውራ ጣቷን ከክርኑ በታች ባለው ጅማት ላይ አሳለፈችው። ያ ጅማት ከሁሉም የከፋው ነው፣ እንደ ጠፍር ነው የሚቋጠረው። "እኅትህ ደህና? አገር ደህና?"

ሽመክት የዘወትሩን ትቶ አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። አንድ ከባድ ነገር ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ሰው ጥርሱን ነከሰ።

"እሱ... ጋ" አለ።



"እሱ ጋ። ጠበቅ... አርጊው።"

እህቴ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ? "ደህና ነህ" ማለት ነበረባት። ምንም እንዳልሰማች "ቡሬ ደህና ነው?" ማለት ነበረባት። ግን የባሏ ድምፅ ነው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ! ጆሮዋ ሰማ፣ ልቧ ዘለለ፣ የአባቷ ልጅ ሆነችና አፏ ወጌሻ የሚጠይቀውን ጠየቀ።

"የት ጋ ነው የሚያምህ? እዚህ ጋ?"

"እማዬ!" አለች ሐመልማል።

አምባሩ ሞቀ።

የውብዳር አወቀች። እጇን ልታነሳ ነበር፣ እውነቷን ነው፣ ልታነሳ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት የሽመክት ጣቶች፣ ራሳቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በአውራ ጣቷ ዙሪያ ጨበጥ አሉ። ሕፃን እንደሚይዝ ያዛት። አምባሩ ፋጀ። የውብዳር ዓይኗን ጨፈነች። "እመብርሃን" አለች እንጂ እጇን አላነሳችም። ጅማቱ ከሥሯ ፈታ ሲል ተሰማት። የመጨረሻ የተሰማት ነገር እሱ ነው ማለት ይቻላል።

የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው የማሸጊያ ሳጥን ይዞ በር ላይ ቀረ። የገባው አብነት ይባላል፣ ከወረዳው ነው፣ የታናሽ ልጇ እኩያ። ጫማውን በር ላይ ጠረገ። ሰላም አላት፣ ጨበጣት፣ ቶሎ ለቀቀ። ተቀመጥ እስክትለው ቆመ።

"ውሃ ልስጥህ?"

"አይቸገሩ እማማ የውብዳር። ጋሽ ሽመክት ተሻላቸው? እሰይ፣ እሰይ።" ከልቡ ይመስላል። "እማማ፣ ሰላምታዎን ሁሉንም ሰምተነዋል። መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ ሳቅን። አንዷ ልጅ፣ እንደዚህ ባሏን የምትወድ ሴት አይቼ አላውቅም ብላ አለቀሰች። ለሁሉም ሰው ጤና ጠይቀዋል። ለበሬው ሳይቀር። በሬው ቡሬ ነው አይደል ስሙ?"

የውብዳር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ሰላምታ ነው ብለን አለፍነው፣ ሰላምታ ክልክል አይደለማ። ግን 'የት ጋ ነው የሚያምህ' የሥራ ቃል ነው እማማ። እሱን የሚጠይቅ ፈቃድ ያለው ነው።"

"ልጄ፣ ተናገረ እኮ። ዲዳ ሆኖ የነበረ ሰው ተናገረ። እጁን ተመልከት፣ ይዘረጋል።"

"አይቻለሁ። ደስ ይላል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ያለ ፈቃድ ነው።" ዝቅ ብሎ ተናገረ፣ እንደሚያባብል። "የኔም እናት ወገቧን ያማታል፣ እማማ። ለፋሲካ ወረፋ ይዤላታለሁ። ሁላችንም እንጠብቃለን።"

ሐመልማል ከበርጩማዋ ተነስታ "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የምነግራት፣ የኔን እሸጉ!" አለች። አብነት በትህትና አያት። "አንቺ አልነካሽም፣ እህቴ። ማንንም ነክተሽ አታውቂም፣ ንጹሕ ነሽ" አላት። ሐመልማል እንደ ተሰደበች ሴት ተቀመጠች።

ሳጥኑ ገባ። "አይዞዎት፣ አያምም" አለ አብነት። እውነቱን ነው፣ አላመማትም። ሁለት እጇን ውስጥ ከታ ስታወጣ ግራጫ ሆነው ወጡ፣ ከጀርባቸው ማኅተም። አምባሯን ፈታላት። "ይሄ ከእንግዲህ አያስፈልግዎትም" አለ።

ሲወጣም ሰላም አለ። አንዴ።

ማታ ለጸሎት መቁጠሪያዋን አነሳች። ቋጠሮው በጣቷ መሀል ማለፍ አለማለፉ አይታወቃትም። የቱ ላይ እንደደረሰች ጠፋባት። ከመጀመሪያው ጀመረች። ጠፋባት። ከመጀመሪያው ጀመረች። መቁጠሪያው ከእጇ ወድቆ ኖሮ እሷ ባዶ እጇን ነው ስትቆጥር የነበረችው። ሐመልማል ናት ከወለል ላይ ያነሳችው።

በእሷ ቢያበቃ ደግ ነበር። ከመስቀል በፊት ወረዳው ደንቡን አሻሻለ፣ በሰላምታ የሚያጭበረብሩ አሉ ብሎ። ከእንግዲህ ሰላምታ አንዴ ነው። እንደምን አደርሽ፣ ደህና፣ አለቀ፣ እጅ ይነሳል። ደግሞ የጠየቀ ይሞቅበታል። በሳምንት ውስጥ ከተማው ተለወጠ። ቤተክርስቲያን ደጅ ሰው አንዴ ጎንበስ ብሎ ይተላለፋል። ያቺ የገጠር አሮጊት ደጀ ሰላሙ ላይ የውብዳርን አግኝተው "እንደምን ሰነበትሽ? ደህና..." ብለው ጀመሩና አንጓቸውን ይዘው ጮኹ። ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። ጥፋተኛ መሰላቸውና ይቅርታ ጠየቁ።

የፎቁ ጎረቤቷ እትዬ ጥሩወርቅ ባል የሞተባት ብቸኛ ሴት ናት። በቀን ውስጥ የሚነካት ሰው ቢኖር ጠዋት ደረጃው ላይ እጇን ይዞ ደጋግሞ ደህንነቷን የሚጠይቃት ሰው ነበር። አሁን ያም ቀረ። የውብዳርን ስታይ ከሩቅ ትቆማለች።

"በአንቺ ጦስ" አለቻት አንድ ቀን። "ያቺን እንኳ፣ ያቺን እንኳ አስወሰድሽብን።"

የውብዳር የታሸገ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

አሁን ጠዋት ነው። ሐመልማል ገና አልመጣችም። የውብዳር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፣ እንደ ሌላ ሰው እቃ። ዘይቱ መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሷል። ሽመክት ያያታል። አሁን ጥቂት ጥቂት ቃል አለው፣ ውሃ ይላል፣ በር ይላል፣ ስሟን ይጠራል።

ቀኝ እጁን አነሳ። ይንቀጠቀጣል፣ ግን ራሱ ነው ያነሳው፣ ራሱ ነው የዘረጋው። ያ እንጨት ሊሆን የነበረ እጅ ብርድ ልብሱን ተሻግሮ መጣና ግራጫ እጇን ያዘ።

"እንደምን... አደርሽ?" አላት።

"ደህና" አለች።

አለቀ። እጅ መነሳት አለበት። ሽመክት አላነሳም። አውራ ጣቱ በመዳፏ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ፣ በዝግታ፣ እሷ ስታደርግለት እንደነበረው። የውብዳር ምንም አይሰማትም። ዓይኗ ብቻ ነው የሚያየው። አንጓው ላይ ያለውን አምባር አየች፣ በሥሩ ያለው ቆዳ መቅላት ጀመረ።

"ልቀቀኝ ሽመክት።"

ያሻታል።

"ልቀቀኝ፣ በማርያም! እጅህን ይወስዱታል! ያዳንኩትን እጅ ይወስዱታል!"

ቆዳው ቀላ፣ ውሃ ቋጠረ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። አያት፣ ዓይኑ ውስጥ ያ የድሮ ሳቅ አለ። ሌላም ቃል ተመልሶለታል፣ ከሁሉም ግን የቆየውን መረጠ።

"እግዜር ይመስገን" አላት፣ እጇን እንደያዘ።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ዛሬ ሰው ሰላም ስትሉ፣ እጁን ለመልቀቅ አትቸኩሉ።